የጋሽ ደምለው አየር

ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ሰው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው እዚያ መኖር ነው። ሁለተኛው ለምን እዚያ እንደሚኖር ላገኘው ሰው ሁሉ ማስረዳት ነው። ሁለተኛውን ራሱ ሳይታክት ይሠራዋል፤ የመጀመሪያውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሚስቱ ይተውላታል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ናይሮቢም አለ፣ አዲስ አበባም ሞልቷል። የሞያሌው ጋሽ ደምለው ይባላል። በኬንያ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ጥብስና ፒላው የሚሉት ቅመም የበዛበት ሩዝ፣ በጾም ቀን በያይነቱ የሚሸጥባት ትንሽ ሆቴል አለችው። እሷ እንግዲህ መተዳደሪያው ናት። እውነተኛው ሹመቱ ግን ሌላ ነው፤ ጋሽ ደምለው በዚህ ከተማ የንጹሕ አየር ባለሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ ነው። ማንም አልሾመውም፣ ማንም ሊሽረውም አልቻለም።

ሚስቱ ፋናዬ ደግሞ ያ አየር ያለበት ቤት ውስጥ የምትኖረው ናት። ቤቱ ከከተማው ጫፍ ካለው ከሄሉ ሰፈር ወዲያ፣ ወደ ቦሪ መንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ለብቻው የቆመ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ቆርቆሮው ገና ያብለጨልጫል። ጋሽ ደምለው ጠዋት በሞተር፣ ማለትም በቦዳ ቦዳ፣ ወደ ሆቴሉ ይሄድና ማታ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ያንን አየር የምትቀበለው ፋናዬ ብቻ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ አልቻለችውም። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ያን ሁሉ የተሰበከለት ቤት መኖሪያ እንዳልሆነ ከተማው ያወቀ ቀን፣ ደምለው በየት በኩል አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል? ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ሰው መጥራትስ ይችላል? ፋናዬ ይህን ባሰበች ቁጥር በሱ ፈንታ አስቀድማ ታፍራለች።

ማፈሩ ደግሞ ለእሷ አዲስ አልነበረም። ጋሽ ደምለው ለየሰዉ የሚመጥን ምክንያት አለው። ለሚያስል ሰው አየሩን ይነግረዋል። ለነጋዴ የመሬቱን ዋጋ፣ ለሚጸልይ ሰው ጸጥታውን ያነሣለታል። ወጣት ባልና ሚስት ካገኘ «ልጅ ያድግበታል» ይላል፤ የራሱ ልጅ ሳሌም ቤቱ ከመሠራቱ በፊት አድጋ፣ ተመርቃ፣ ናይሮቢ ሥራ ይዛለች። እንግዳው የሚያስል፣ የሚነግድ፣ የሚጸልይ ወይም የሚወልድ ካልሆነ፣ «እስኪ በእናትህ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ከዋክብት አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ይይዘዋል። ሰውየው በልቶ እስኪጨርስ አይለቀውም።

አንድ ቀን ፋናዬ ለሆቴሉ በርበሬ ልታደርስ ሄዳ ሻሪፍን ይዞ አገኘችው። ሻሪፍ የግመል ደላላ ነው። ተወልዶ ያደገው ሜዳ ላይ ሲሆን ግማሽ ዕድሜውን ከግመል ኋላ ሲሄድ ነው የፈጀው። ጋሽ ደምለው ስለ ሜዳ ሊያስተምረው የመረጠው እሱን ነበር።

«ሻሪፍ፣ አሁን የምትተነፍሰው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ሽንኩርት ነው» አለ ሻሪፍ። የተቀመጠው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር።

«የሎሪ ጭስ ነው! እኛ ዘንድ እኮ እንዲህ የለም። እኔ ማታ ማታ የራሴን ትንፋሽ ነው የምሰማው።»

ይቺ የራስ ትንፋሽ ነገር የጋሽ ደምለው ማሳረጊያ ናት፤ ካልተናገራት ሒሳብ አይቀበልም። ያንን ትንፋሽ ፋናዬም ትሰማዋለች። ሲያንኮራፋ ነፋሱ ወደ ከተማ ከነፈሰ ሄሉ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

«ጋሽ ደምለው» አለ ሻሪፍ በትሕትና፣ «ወላሂ፣ እኔ ከዚያ ሜዳ ለመውጣት ስንት ዘመን ለፍቻለሁ። አሁን መልሰህ ልትሰደኝ ነው?» ሆቴሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ፋናዬ በርበሬውን አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች።

ይህ ግን ከለቅሶ ቤቱ አይብስም። የሚያውቋቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሞተው ባልና ሚስቱ ሊያለቅሱ ሄዱ። ጋሽ ደምለው በሥርዓቱ ገባ፣ በሥርዓቱ አለቀሰ፣ ከሟቹ ታላቅ ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን የልጁ ትከሻ ላይ አደረገ። «እንግዲህ እግዜር ያጽናችሁ» አለ። «አባታችሁ ግን መኖሪያቸው እዚሁ መሀል ከተማ ነበር፣ አይደል?» ልጁ ነገሩ ገብቶት እንደሆነ አይታወቅም። ፋናዬ ግን ገብቷታል፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስታወርድ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች በሐዘኑ የተጎዳች መስሏቸው አባበሏት።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንሂድ። ቤቱን ጋሽ ደምለው ሲያሠራ በሩን ወደ ምሥራቅ አዞረው፤ አባቱም አያቱም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። በአባቱ አገር ግን ተራራ ነበር። እዚህ ከምሥራቅ የሚነሣውን ነፋስ የሚያግደው አንድም ነገር የለም። ነፋሱ ማልዶ ተነሥቶ በቀጥታ በበሩ ይገባል፣ ሦስቱንም ክፍሎች ይጎበኛል፣ ያመጣውን አሸዋ ሁሉ አስቀምጦ ይወጣል። ፋናዬ ጠርጋ ሳትጨርስ እንደገና ይመጣል። ሽሮ ላይ አሸዋ አለ፣ አልጋ ላይ አሸዋ አለ፣ የሳሌም የምርቃት ፎቶግራፍ ከግድግዳው ሦስት ጊዜ ወድቆ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

የቅርብ ጎረቤታቸው ኤሌማ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። «ቅርብ» ስንል ጮክ ብሎ ለተጣራ ሰው ነው። ኤሌማ አልፎ አልፎ በልጃቸው እጅ ወተት ይልኩላታል። አንድ ቀን ራሳቸው ይዘው ሲመጡ ፋናዬ መጥረጊያዋን እንደያዘች ጠየቀቻቸው።

«ኦቦ ኤሌማ፣ የእናንተ ቤት ነፋስ አይገባውም?»

«አይገባም። በሩ ወዲያ ነው።» በበትራቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። «ነፋስ ከዚህ ይመጣል፣ ሁልጊዜ። በር ጀርባ ይሰጠዋል። ይሄን ልጅም ያውቃል።»

«ታዲያ መሠረቱ ሲቆፈር እያያችሁ ምነው ሳትነግሩን ቀራችሁ?»

ኤሌማ አቀረቀሩ። «ሰውየው አየር እወዳለሁ አለ» አሉ። «ለእኔ አለ። ለሚስቴ አለ። ለልጆቼም አለ። እኛም ተመካከርን። ሰው የሚወደውን ነገር እንዴት ይከለክሉታል?»

ፋናዬ ይህን ለደምለው አልነገረችውም። ነገሩ እሱን ከማሳፈር በቀር በሩን አያዞረውም።

ከነፋሱ ይልቅ የባሰባት ግን የሰው ድምፅ ማጣቱ ነበር። ቀድሞ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ግቢ፣ በኪራይ ክፍል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። እዚያ የአንዱ ሬዲዮ የሁሉም ነው፣ የአንዷ ዘይት ሲጮህ ሁሉም ምሳዋን ያውቃል፣ ማን ከማን እንደተጣላ ለማወቅ ከአልጋ መውረድ አያስፈልግም። አሁን ፋናዬ የልቧን የምታጫውተው አንዲት ፍየል ነበረች። ፍየሏ ጥሩ አድማጭ ናት፤ መልስ ስትሰጥ ግን ቅጠል ይዛ ነው። አንድ ቀን ፋናዬ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ፍየሏን «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ቅመሺ» ስትል ራሷን ሰማችው። ደነገጠች። በማግስቱ ተነሥታ ወደ ቀድሞ ግቢዋ ሄደች።

እዚያ ሻምሳ አለች። ሻምሳ ጨርቅና ሽቶ ነጋዴ ናት፤ ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል። እነ ፋናዬ ሲለቁ የነሱን ክፍል ተከራይታ፣ ከሱቋ በመጋረጃ በር አገናኝታ፣ ዕቃ ማስቀመጫ አደረገችው። ፋናዬ የሻምሳ ምንጣፍ ላይ ጋደም አለችና የግቢውን ጫጫታ ስትሰማ እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለደምለው ገበያ እሄዳለሁ እያለች፣ እዚያ ትውል ጀመር። ስትገባ ነጠላዋን ተከናንባ ነው፤ ስትወጣም እንደዚያው። በዚህ ዕድሜዋ ከገዛ ቤቷ ሸሽታ መደበቋ ያሳፍራት ነበር።

«ሻምሳዬ፣ ደምለው ከሰማ ይሞታል» አለቻት።

«አይሰማም። በአላህ፣ አፌን ዘግቻለሁ» አለች ሻምሳ።

ሻምሳ ምስጢር ጠባቂ ናት። ችግሯ፣ ምስጢር በጠበቀች ቁጥር ሳቅ የሚተናነቃት መሆኑ ነው። ደግሞ ጥብቅ ሕግ አወጣች፤ ፋናዬ ከማክሰኞና ከዓርብ በቀር ድርሽ እንዳትል። «ሌላ ቀን ዕቃ ይራገፋል፣ አቧራ ነው፣ ያሳምምሻል» አለቻት። ፋናዬ ስለ አቧራ ሲነገራት የሚገርማት ሰው አልነበረችም፤ ቢሆንም ሕጉን አከበረች።

አንድ ረቡዕ ግን ነፋሱ ከወትሮው ብሶ አደረ። ረፋድ ላይ መጋረጃውን ገነጠለ፣ ድስቱን ከነክዳኑ አንከባለለ። ፋናዬ መጥረጊያውን ወርውራ መንገድ ላይ ቆመች፣ ቦዳ ቦዳ አገኘች፣ በቀትር ሻምሳ በር ደረሰች። ሻምሳ ስታያት ከተቀመጠችበት ተነሥታ በሩ መሀል ቆመች።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። እባክሽ፣ ትንሽ ልረፍ።»

«እዚሁ ውጪ እንቀመጥ። ሶዳ ላምጣልሽ። ውስጥ ዕቃ ሞልቷል፣ ዕቃ ብቻ ነው...»

በዚህ ጊዜ ዕቃው አንኮራፋ።

ያንን ማንኮራፋት ፋናዬ ከሺህ ማንኮራፋት መሀል ትለየዋለች። ሻምሳን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባችና መጋረጃውን ገለጠችው። የንጹሕ አየር ባለሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ፣ በጨርቅ ጥቅልና በፓስታ ካርቶን መሀል ፍራሽ ተነጥፎለት፣ ጫማውን አውልቆ፣ ኮቱን በሚስማር ሰቅሎ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ራስጌው የሻይ ፔርሙስ አለ። ነጠላ ጫማም አለው። ይህ ሰው አንድ ቀን ብቻ ደክሞት ጋደም ያለ ሰው አልነበረም።

ለሆቴሉ ደንበኞች «ቀን ቀን ቤቴ ሄጄ አየር ተቀብዬ እመለሳለሁ» ይላቸው ነበር። ለፋናዬ ደግሞ ቀን ሥራ ስለሚበዛ ብቅ ማለት አይመቸኝም ይላታል። ሁለቱ ወሬዎች ተገናኝተው አያውቁም ነበር። የሚገባው በሻምሳ ሱቅ በኩል ስለሆነ ከግቢው ማንም አያየውም፤ ማንኮራፋቱንም የግቢው ጫጫታ ይውጠዋል።

ዓይኑን ገለጠ። «ፋናዬ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለ።

«አንተስ?»

 መልስ የነበራት ሻምሳ ብቻ ነበረች፤ የሁለት ሰው ምስጢር ይዛ ሆዷ አብጧል።

«እኔ አሁን ደከመኝ» አለች። «አንተ ሚስቴ እንዳትሰማ ብለህ አስማልከኝ። አንቺ ባሌ እንዳይሰማ ብለሽ አስማልሽኝ። ማክሰኞ አንቺ፣ ረቡዕ እሱ፣ ዓርብ አንቺ... እኔ ሱቅ ነው ያለኝ ወይስ የባስ መናኸሪያ? ከቤታችሁ ለምን እንደምትሸሹ እዚያው ቤታችሁ ተነጋገሩ፣ ቱ!»

ጋሽ ደምለው ተነሥቶ ተቀመጠ። ካልሲው የአንደኛው እግሩ ተቀዷል፤ ያንን እንኳ ለመሸፈን ሞከረ። «እዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ በቀስታ። «ማታም ሲደክመኝ ነው እንጂ... ሰው የለም እኮ ፋናዬ። ዝም ይላል።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ወሰድከኝ?»

አፉን ከፈተ። ፋናዬ አየሩን ጠበቀች፣ የመሬቱን ዋጋ ጠበቀች፣ ከዋክብቱን ጠበቀች። አንዱም አልመጣም። ሰውየው ጫማውን እያየ አቀረቀረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዱ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ያኔ ነው መጀመሪያ የጠረጠረችው።

መምህርት አግነስ የገባችው በዚህ መሀል ነው። አግነስ ከሜሩ መጥታ የምታስተምር፣ ከጎን ያለውን ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። ምሳዋን ከጋሽ ደምለው ሆቴል ስለምትበላ ስብከቱን ከማንም በላይ ሰምታለች፤ እንዲያውም ከአማርኛ ትምህርቷ ግማሹን ያገኘችው ከዚያ ነው። መጋረጃው ተገልጦ ስታይ ቆመች። ፍራሹን አየች፣ ፔርሙሱን አየች፣ ካልሲውን አየች።

«ማማ ሳሌም! ባባ ሳሌም!» አለች። «ኩምቤ፣ ለካ እዚህ ነህ? ትናንት ምሳ ሰዓት ምን አልከኝ? ቀን ቤቴ ሄጄ፣ አየር...» አልጨረሰችውም፤ ሳቋ ቀደማት። የሷን ሳቅ ሰምተው ሁለት ሴቶች ከየበራቸው ብቅ አሉ። ከሴቶቹ ኋላ ሌሎችም መጡ።

ፋናዬ ባሏን አየችው። ያ በለቅሶ ቤት እንኳ የማያፍር ሰው ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። እስከ ማታ ከተማው በሙሉ እንደሚሰማው፣ ነገ ሻሪፍ ፒላው ይዞ ምን እንደሚለው፣ ከነገ ወዲያ ማን እንደሚጨምርበት እሷም እሱም አውቀዋል። አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ስታፍር የኖረች ሴት እዚህ ላይ ብትስቅበት ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ሄዳ በባሏና በሴቶቹ መሀል ቆመች።

«እኔ ነኝ፣ አግነስ» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። እዚያ መኖር አቃተኝ። ሰው ካላየሁ፣ እዚህ መጥቼ ካልዋልኩ ያመኛል። እሱ እኔን ብሎ ነው ሥራውን ጥሎ የሚመጣው፤ ስጠብቀው ደክሞት ጋደም አለ። እሱማ እዚያ ደስ ብሎት ነው የሚኖረው፣ ታውቂው የለ? ችግሩ የኔ ነው።»

ሻምሳ ወደ ግድግዳው ዞራ ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች፤ ጨርቁ የታጠፈ ነበር። «ፖሌ፣ ማማ ሳሌም» አለች አግነስ፣ ማዘኗን ስትገልጽ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ፣ ቀስ ያለች መስሏት፣ «ስንቱ በኪራይ ሲያርር፣ የተሠራላትን ቤት መያዝ ያቅታት?» ስትል ተሰማ። ፋናዬ ሰማቻት። ሀፍረቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ወረራት። እነዚህን ሴቶች ለዘመናት አስታርቃለች፣ ሲወልዱ አርሳለች፣ መክራለች፤ አሁን እያዘኑላት ነው። የተናገረችውን ግን መልሳ አልዋጠችውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቦዳ ቦዳ አልጠሩም፤ በእግራቸው ሄዱ። ሄሉን እስኪያልፉ ድረስ ጋሽ ደምለው ቃል አልተነፈሰም። ያ ሰው ዝም ብሎ ይህን ያህል መንገድ ሄዶ አያውቅም።

«ለምን እንዲያ አልሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ልበል ታዲያ? ሲስቁብህ ልይ?»

ጥቂት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ። «ደመቀች የመጣች ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አላት።

ደመቀች የፋናዬ ታናሽ እኅት ናት፤ ዲላ ነው የምትኖረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቿን ይዛ ድንበሩን ተሻግራ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። በመጣች በሁለተኛው ቀን፣ ሁሉም ገበታ ቀርበው ሳለ፣ የግቢው ባለቤት ወኪል በሩ ላይ ቆመ። ሰላምታ አልሰጠም። ጣቱን ቀስሮ ይቆጥራቸው ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፣ ከትንሿ የደመቀች ልጅ ጀምሮ። ደመቀች ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ነው የተቆጠረችው። «ውሃውም ሽንት ቤቱም የተከራይ ነው፣ የዘመድ አዝማድ አይደለም» ብሎ ሄደ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አጥር የሌለውን ተከራይ ግን ቤቱ ገብተው ገበታው ላይ ነው የሚንቁት። ጋሽ ደምለው በአፉ የታወቀው ሰውዬ ያን ቀን አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ተናግሮ የት ይገባል? ደመቀች በማግስቱ ሰበብ ፈጥራ ተሳፈረች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

«አንቺ ያን ለታ ሳህን ስታጥቢ የተናገርሽው አለ» አለ ጋሽ ደምለው። «ለኔ አልነበረም፤ ለራስሽ ነው። ‹እንግዳዬን ሰው የማይቆጥርብኝ ቤት ሳልኖርበት ልሞት ነው› አልሽ።»

ፋናዬ ረስታው ነበር። ሲነግራት ግን የሳህኑ ውሃ እንኳ ትዝ አላት።

«ከተማ ውስጥ መሬት አቅሜ አልቻለም» አለ። «ያገኘሁት እዚህ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ታዲያ ይህን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ለሰዉስ ብትናገር?»

«ለሰው ምን ብዬ ነው የምናገረው? እንግዳዋ ተቆጥሮባት ነው ልበል? ገመናሽን ልዘርዝር?» ራሱን ነቀነቀ። «አየሩ ነው ማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

ፋናዬ አሁን ገባት። ያ ሁሉ ከዋክብት፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር የተሰበከው ሁሉ፣ የእሷን አንዲት ቀን ሀፍረት ለመሸፈን ነበር። እሷ ደግሞ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ በሱ ስታፍር ከርማለች። እስከ ዛሬ ያፈረችው ሁሉ ከአሁኑ ጋር ሲተያይ ሀፍረት አልነበረም ለካ። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ይኸው እንግዳ የማይቆጠርበት ቤት ተሠራላት፣ እሷ ግን ነፋሱን ሰበብ አድርጋ፣ ቤቱን ሰው እንዳያየው ፈርታ፣ አንድም እንግዳ ጠርታ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች፤ እጁን ግን ይዛ ነበር፣ ያውም ከብት ነጂ በሚያልፍበት በጠራራ ፀሐይ።

ያን ምሽት ፋናዬ ዲላ፣ ለደመቀች ደወለች።

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ የቤት ምረቃው ተደረገ። ደመቀች ልጆቿን ይዛ መጣች። ሻምሳ ግቢውን በሙሉ በአንድ ፒክ አፕ ጭና መጣች። አግነስ መጣች፣ ያቺ «የተሠራላትን ቤት መያዝ ያቅታት?» ያለችውም መጣች። ሻሪፍ የፍየል ሙክት እየጎተተ መጣ። ኤሌማ ከነሚስታቸው፣ ከነልጆቻቸውና ከነወተታቸው መጡ። ነፋሱ ግን ከሁሉም ቀድሞ ነበር የመጣው።

በሩ ፊት የተዘረጋው ድንኳን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሲበር እንግዶቹ ወንበራቸውን እያነሡ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሩ። እዚያ ነፋስ አልነበረም። ሁሉም የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠና እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ደምለው አፈረ። ሻሪፍ ጢሙ ላይ ያረፈውን አሸዋ እያራገፈ፣ «ጋሽ ደምለው፣ አየሩን ተቀብለናል፣ ይብቃን» አለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጋሽ ደምለውም ሳቀ። ኤሌማ ግድግዳውን በበትራቸው ነካ አደረጉና በዚህ በኩል በር ማውጣት እኮ ይቻላል አሉ፣ ሰውየው ቅር ካላለው።

ፋናዬ በመካከላቸው ስትዘዋወር ጫጫታው ጆሮዋን ሞላው። የደመቀች ልጆች ፍየሏን ያሳድዳሉ። ሻምሳ የማንንም ምስጢር ስለማትጠብቅ ፊቷ ዐርፏል። አግነስ ለደመቀች ስለ ከተማ አየር መጥፎነት በጋሽ ደምለው አማርኛ ታስረዳታለች።

ምግቡ ሲደርስ ጋሽ ደምለው ሽርጡን እንደታጠቀ ከወጥ ቤት ወጣ። ሆቴል ያለው ሰው ነውና ለየሰዉ ሳህን ማዘጋጀት ልማዱ ነው። ግድግዳው ጥግ ላይ ቆመ፣ ጣቱን ቀሰረ፣ ከዳር ጀመረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ጣቱ ደመቀች ዘንድ ደረሰ። ደመቀች ወሬዋን አቋርጣ ቀና አለች።

ፋናዬ ከኋላው መጥታ ጣቱን በእጇ ጨበጠችው።

«እዚህ ቤት እንግዳ አይቆጠርም፣ ደምለው» አለችው፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ሰውየው ደመቀችን አየ፣ የተቀሰረ ጣቱንም አየ። ከዚያ እጁን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰ። ሳህኑ አነሰ። ደመቀችና ሻምሳ ከአንድ ሳህን በሉ።